አሥራ ሦስት ክር

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። በአንደኛው ክትባት እንሰጣለን፣ ቁስል እናሽጋለን። በሁለተኛው ሴቶች በሩ ሲዘጋ ብቻ የሚያወሩት ጉዳይ ይታያል። ይሄኛው ጠባብ ነው፤ አንድ የምርመራ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ የጫማ ካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ የስድሳ ሁለት ሴቶች ካርድ አለ። ካርዱ መቀመጥ የነበረበት እኔ ጋ ሳይሆን እነሱ ቤት ነው። ቀጠሮው ተጽፎበት ይዘውት እንዲሄዱ፣ ቀኑ ሲደርስ ይዘውት እንዲመጡ ነው የተዘጋጀው። ያዘጋጀው ሰው ግን ከአማት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ትራስ ሥር ቢደበቅ ትራስ ይራገፋል፣ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ሳጥን ይከፈታል። ስለዚህ ሁሉም «ሲስተር፣ አንቺው ጋ ይቀመጥልኝ» እያሉ ትተውልኝ ይሄዳሉ።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ማወቅ እወዳለሁ። ያየሁትን አላወራም፣ ይህን በሥራዬም በባሕሪዬም እምላለሁ። አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር ግን ምግብ አይበላልኝም። እዚህ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት የበላኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነበር፦ እነዚህ ሴቶች ካርዳቸውን አይወስዱም። ብዙዎቹ ቤት የቀን መቁጠሪያ የለም፣ ያለበትም ቤት የሚገልጠው ባልየው ነው። ማንበብ የማይችሉ አሉ። የሚወስዱት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ደግሞ የሦስት ወር ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ በልብ ይዞ መቁጠር ቀላል አይደለም። እነሱ ግን ቀኗን ጠብቀው ከች ይላሉ። አንድ ቀን አይቀድሙም፣ አንድ ቀን አይዘገዩም። እኔ ግድግዳ የሚሞላ ቀን መቁጠሪያ ሰቅዬ የእህቴን ልደት እረሳለሁ።

ጠየቅኳቸው። አንዷ «እንዲሁ ይታወቀኛል» አለችኝ። ሌላዋ ሳቀችና ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሦስተኛዋ ልብሷ እንደሚነግራት ስትነግረኝ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ኮስተር አልኩ። ሌላም የማይገባኝ ነገር ነበር። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ያቺ ጠባብ ክፍል ስትጠረግ ክር ይወጣል። ቁርጥራጭ ክር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ቀይ። የጽዳት ሠራተኛዋን ሻርፗ እየተበተነ እንደሆነ ነግሬ ተቆጣኋት። እሷም ሻርፗን ከትከሻዋ አውልቃ ፊቴ ዘረጋችውና ቀዩን ክር የቱ ጋ እንዳየሁት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ቀይ አልነበረውም።

አንድ የገበያ ቀን የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መድኃኒቱን ስስብ፣ ዘወር ስል እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ ከውስጥ በኩል አንዲት ክር በጥፍሯ መዘዘችና ወለሉ ላይ ጣል አደረገቻት። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣትና ጠርዙን አሳየችኝ። በእጥፋቱ ውስጥ ተራውን የጠበቀ ጥቃቅን ቀዳዳ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ እኩል የራቀ። ቆጠርኩት። አሥራ ሦስት። የሠሩላት እትዬ ጥንቅቅ መሆናቸውን ነገረችኝ። ለማንም እንዳልናገርም አስማለችኝ።

እትዬ ጥንቅቅ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከገበያው ወደ ጤና ጣቢያው በሚያመጣው መንገድ ላይ ነው፣ የስፌት መኪናቸውም በረንዳው ላይ። እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ቅጽሉን ያወጣላቸው ባሕሪያቸው ነው። የተንጠለጠለ ክር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏችሁ እጃችሁን ይዘው ያቆዩና፣ የጤናችሁን ነገር እየጠየቁ እጅጌያችሁ ላይ የተረሳችውን ክር በጥርሳቸው ቆርጠው ይጥሏታል። የላላ ቁልፍ ይዞ በፊታቸው የሚያልፍ ሰው መንገድ ይቀይራል ይባላል። ማንኛውም ልብስ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጠርዙን መገልበጥ ነው፣ ውጩን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ የጋዋኔን ኪስ ላሰፋ ሄድኩ። ኪሱ እውነትም ተቀዶ ነበር፤ ባይቀደድም እኔው እቀደው ነበር። ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው፣ መኪናውን በእግራቸው እየመቱ ተቀበሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገሩን በቀጥታ ጠየቅኩ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው እያወጡ ትንሿ የስፒል ትራስ ላይ ሰኩና ማን እንደነገረኝ ጠየቁ። ወለሉ እንደነገረኝ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ።

የኑሯቸውን ነገር የሰማሁት ያኔና ከዚያ ወዲህ በተመላለስኩባቸው ቀናት ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ተዳሩ። ባላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በረንዳው ላይ እሳቸው ይቀመጣሉ፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሚስትየዋ ጠርዙን ይዘመዝማሉ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ያበጃሉ፣ ገበር ያገባሉ። ሰው የባልየውን እጅ ያመሰግናል። ባልየው ሲሞቱ እትዬ መኪናውን ከእነ ጠረጴዛው አስጎትተው በረንዳ ላይ ተቀመጡበት። ሴትዮዋ ትችለው ይሆን እያለ ያመነታ ሰው ነበር አሉኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለብስ የኖረው ግማሹን የእሳቸውን ስፌት እንደሆነ ማን ይንገረው። ስንት እንደወለዱ ስጠይቃቸው፣ እጅጌ እንደሚለካ ሰው ዓይናቸውን ከሜትሩ ሳያነሱ «ዘጠኝ ወልጄ አራት አሉኝ» አሉ። ሦስቱ ርቀው ነው የሚኖሩት። እሳቸው ጋ ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ ከነሚስቱ።

ክሩ የተጀመረው እኔ ከመምጣቴ አምስት ዓመት አስቀድሞ ነው። አንዲት ሙሽራ ካርዷን ጡቷ ሥር ደብቃ መጣችና ገበሩ ውስጥ እንዲሰፉላት ለመነቻቸው። የፊተኛው ካርድ ቤት ውስጥ ተገኝቶባት ፊቷ አባብጦ ነበር። እትዬ ካርዱን አገላብጠው አዩት። ሰፍቼ ልሰጣት እችላለሁ፣ ግን ወረቀት ውሃ ይፈራል፣ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ገንፎ ይሆናል ብለው አሰቡ። ክር ግን ውሃ አይፈራም። ስለዚህ የቁልፍ ቆርቆሯቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው፣ ለያንዳንዱ ገበያ አንድ ቁልፍ እያስቀመጡ ከልጅቷ ጋር ሦስቱን ወር ቆጠሩት። አሥራ ሦስት ቁልፍ መጣ። ከቀሚሷ ቀለም ጋር የሚሄድ ክር መርጠው አሥራ ሦስት ረጃጅም ስፌት በእጥፋቱ ውስጥ ጣሉላት። በየገበያው ጧት አንድ ትነቅላለች። መጨረሻዋን በነቀለችበት ቀን ትመጣለች። ገበያ የሆነበት ምክንያት በዚያ ቀን ሴት ወዴት ነሽ ስለማትባል ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ያህል ቀላል ነው፤ መቁጠር እንኳ አይፈልግም፣ መንቀል ብቻ ነው። ያየ ሰው ደግሞ ያላለቀ ስፌት ይመስለዋል። ከዚያች ሙሽራ በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ «እትዬ፣ ጠርዜ ተተረተረ» እያሉ መምጣት ጀመሩ። የእውነት የተተረተረውን ከሌላው የሚለዩት በፊታቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

ቁጭ ብዬ ስሰማቸው ከመደነቄ ብዛት ኪሴን ረስቼው ወጣሁ። እኔ ስለ ቀጠሮ ማክበር ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ስንት ወረቀት ሞልቻለሁ። እሳቸው በአንድ ጥቅል ክር ጨርሰውታል። በጣም ወደድኳቸው።

አሁን ስለ ምራታቸው ልናገር። ልጅቷን የማውቃት እትዬን ከማወቄ በፊት ነው። ረጅም ናት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአሥራ ሰባቷ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሁለት ቀን አምጣ ሕፃኑ አልተረፈም፤ የእሷም ደም አልቆም አለ። በጭነት መኪና ወደ ከተማው ሆስፒታል ስንወስዳት ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ባሏ አናጢ ነው፤ መዶሻው ወገቡ ላይ እንደተሰካ፣ እስክንደርስ እጇን ይዞ ነበር። ሲሻላት ሐኪሙ እኔ ባለሁበት ለሁለቱም ነገራቸው። ቢያንስ ሁለት ዓመት እርግዝና የለም። ሰውነቷ ሳያገግም እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም አትተርፍም። እትዬ ያን ቀን ቤት ጠባቂ ነበሩ፣ አልሰሙም። ልጃቸው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቱ በምን አፉ እንደሚነግር ግራ ገብቶት፣ ደህና ናት ዕረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት ብሎ ነገሩን ሸፋፈነው። ከዚያ ወዲህ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከተማ ነው፤ ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይቀራል።

ልጅቷ መርፌውን ጀመረች፣ ካርዷም ካርቶኔ ውስጥ ገባ። አስቂኙ ነገር ከስድሳ ሁለቱ ሴቶች ቀኗን የምትስተው እሷ ብቻ መሆኗ ነው። አንዴ ሦስት ሳምንት ቀድማ መጣች፣ አንዴ አሥር ቀን፣ አንዴ ደግሞ አምስት ቀን ዘግይታ፣ ጀሪካኗን በር ላይ ጥላ፣ ላብ በላብ ሆና። የምትቆጥረው በባሏ መመላለስ ነበር፤ ባሏ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው። አገር ሁሉ የሚቆጥረው እቤቷ በረንዳ ላይ መሆኑን ሳስታውሳት ሳቀች። ክሩን ታውቀዋለች፤ ለአማቷ መርፌ ላይ ክር የምታስገባላቸው እሷ ናት። እትዬን ብትጠይቂያቸውስ አልኳት። ሳቋ ቀረ።

«ሲስተር፣ ለሰው ምራት ነው እንጂ ለራሳቸው ምራት እኮ አይደለም። እኔን በየወሩ ሆዴን ነው የሚያዩኝ።»

እውነቷን ነው። እትዬ ከየደንበኛው የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የሕፃን ልብስ ሰፍተው አንድ ሣጥን ሞልተዋል፤ እኔም አይቼዋለሁ። የሰው ምራት ታርፍ ዘንድ ይፈልጋሉ፣ የራሳቸው ምራት ደግሞ ትወልድ ዘንድ። ይህን ሁለቱን በአንድ ልብ እንዴት እንዳስቀመጡት ይደንቀኛል፤ ግን እኔም ብሆን ለጎረቤት የምመክረውን ለራሴ የማደርግ ሰው አይደለሁም።

እንግዲህ ጥፋቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ለልጅቷ ክሩን ራሷ እንድትሰፋው መከርኳት። መርፌ ጠፍቶ ነው ወይ እናንተ ቤት ብዬ ሁሉ ቀለድኩባት። ደስ ብሏት ሄደች፤ ቡኒ ቀሚሷ ላይ አሥራ ሦስት ስፌት ጣለች። የማን ቤት እንደሆነ ረሳሁት። በዚያ ቤት ውስጥ ጠርዙ ሳይገለበጥ የሚያልፍ ልብስ እንደሌለ እያወቅኩ ረሳሁት።

አሥራ ሦስተኛው ገበያ መጣ፣ እሷ አልመጣችም። አንድ ሳምንት ብትዘገይ ነው ብዬ ተውኩት። አሥራ አራተኛውም አለፈ። አሥራ አምስተኛው። ካርዷን ከካርቶኑ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። እቤት ሄጄ ልጠራት አልችልም፤ የኔ እግር እዚያ ቤት በር ላይ በዚህ ጉዳይ ከቆመ ሚስጥሯ አበቃ። ሰላምታ በሚል ሰበብ በበረንዳው በኩል ማለፍ ጀመርኩ። አንድ ጧት ውሃ ተሸክማ ስትገባ አገኘኋት፤ ፈገግ ብላ ሰላም አለችኝና ገባች። ግራ የገባኝ ፊቷ ነው። ረስታው ቢሆን ስታየኝ በድንጋጤ ታስታውስ ነበር። ትታው ቢሆን ዓይኔን ትሸሽ ነበር። እሷ ግን ምንም ያላለፈባት ሰው ፊት ነበራት።

ከአሥራ ስድስተኛው ገበያ ማግስት፣ ጧት በሩን ስከፍት እትዬ ጥንቅቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሜትሩ ከአንገታቸው ላይ አልወረደም፤ ከመኪናቸው ተነስተው ነው የመጡት። ወደ ጠባቧ ክፍል ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«አንዲት ሴት ቀኗ ቢያልፍባት» አሉኝ፣ «ስንት ሳምንት ሲያልፍ ነው መርፌው የማይታመነው?»

እንደተማርኩት ነገርኳቸው። ቀኗ ካለፈ እስከ አራት ሳምንት ድረስ መጥታ ብትወስድ ይሠራላታል፤ ከዚያ በኋላ ግን መተማመኛ የለውም። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ጀምረው ቆጠሩ። ሦስተኛው ጣት ላይ ቆሙ። ስለማንም ሴት እንደማልናገር ቀድሜ ነገርኳቸው።

«አንቺ አትናገሪ ልጄ። እኔ ልናገር።»

የልብስ ማጠቢያ ቀን ነበር። ቡኒው ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እንደ ልማዳቸው ሲያልፉ ጠርዙን ገለበጡት። ዘጠኝ ክር፣ አራት ባዶ ቀዳዳ። መጀመሪያ ያናደዳቸው የስፌቱ ጠማማነት እንደነበር ነገሩኝ፤ «እኔ ያስተማርኳት ልጅ እንዲህ ትሰፋለች?» ብለው። ነገሩ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያው ገመዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለአገር ምራት ሁሉ ሲሰፉ ኖረው የራሳቸው ምራት ከሳቸው መደበቋ አንጀታቸውን አቃጠለው። ከዚያ ደግሞ ያ የልብስ ሣጥን ታያቸው። ጥቂት ላዘግየው ብቻ ብለው አሰቡ። የዚያን ሳምንት ሁለት ክር ጨመሩ፣ በሚቀጥለው ሁለት፣ በሦስተኛው አንድ። ብዙ ሳለ ስለጨመሩት ልጅቷ አልነቃችም።

«እንደ እሷ አጣምሞ መስፋት እንዴት እንደሚከብድ አታውቂም» አሉኝ።

ቆሽቴ አረረ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሐኪሙ ያለው ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን የሚናገረው የኔ አፍ አይደለም። ጥርሴን ነክሼ ያንን የመከራ ቀን አንሶላውን ማን እንዳጠበው ብቻ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። እና ምን አሰቡ ስላቸው፣ የመጀመሪያ ወሊድ ሁሉ እንዲህ ነው ብለው እንዳለፉት፣ የሳቸውም እንዲያ እንደነበር ተናገሩ።

«አሁን ሳስበው» አሉ፣ «የኔም እንዲያ መሆን አልነበረበትም።»

ንዴቴ ቀዘቀዘ። ለምን አሁን እንደመጡ ማወቅ ፈለግኩ፤ አምስቱን ክር ጨምረው ከጨረሱ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ትናንት በገበያው ጧት በጓዳው በር ቀዳዳ አይተዋት እንደነበር ነገሩኝ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠርዙን ገለበጠች። ክሮቹን በጣቷ ነካካች። ከዚያ በሌላው እጇ ያለፉትን ገበያዎች ለመቁጠር ሞከረች፤ ጣት አለቀባት፣ እንደገና ጀመረች። አልገጥም አላት። ግንባሯን ቋጠረች። በመጨረሻ በራሷ ላይ ሳቅ አለችና አንድ ክር ነቅላ ተነሳች።

«ራሷን ተጠራጠረች እንጂ ክሩን አልተጠራጠረችም» አሉኝ። «ክሩ የኔ ነዋ። አገር ሁሉ ያመነው።»

ሁለት ክር ቀርቷታል። አካሄዷን ብትቀጥል የምትመጣው በአሥራ ስምንተኛው ገበያ ነው፣ ያኔ አልፏል። እትዬ ይህን ሁሉ አስልተው ነበር የመጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መፍትሔ ያሉትንም ነገሩኝ፦ ከሁለቱ አንዷን ክር እሳቸው ዛሬ ቢነቅሉላት፣ በሚቀጥለው ገበያ ጧት መጨረሻዋን ነቅላ ራሷ ትመጣለች። አራተኛው ሳምንት የሚሞላው ያኔ ነው፣ ትደርሳለች። ማንም ምንም አያውቅም።

አሰብኩበት። እውነቱን ልናገር፣ በጣም አጓጓኝ። ይሠራል። ልጅቷ ትድናለች፣ እትዬ አይዋረዱም፣ የኔም ምክር ያመጣው ጣጣ ሳይሰማ ይቀራል። ያልተመቸኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ከዚያ በኋላም ያንኑ ክር እያመነች ትቀጥላለች፣ ሌላ ሰው እጁን እንደከተተበት ሳታውቅ።

«ይሠራል እትዬ» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላስ?»

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት። ከዚያ ተነስተው ሄዱ። ልጅቷን ዛሬውኑ ይንገሯት ብዬ ልከተላቸው በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

የዚያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቁስል እያሸግኩ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ይነግሯት ይሆን ወይስ ክሯን ይነቅሉላት? ከገበያው በፊት ከመጣች ነግረዋታል ማለት ነው። በገበያው ቀን ከመጣች ደብቀዋታል። ጨርሶ ካልመጣችስ? ይህን ሳስብ ያ የጭነት መኪና ይታየኛል። ገበያው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እንግዲህ የመረጡት ሁለተኛውን ነው ብዬ ቁርጤን አወቅኩ።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ ሁለቱ በዋናው መንገድ መጡ። ጎን ለጎን አልነበሩም፤ ልጅቷ ከፊት፣ እትዬ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ። ቡኒው ቀሚስ ነበር የለበሰችው። ጠርዙ ዙሪያውን ተተርትሮ መሬት ይነካል። ራሷ እንደተረተረችው ወዲያው ገባኝ፤ መቀስ ሳይፈልግ፣ በእጅ ጎትቶ የተረተረ ሰው ሥራ ነው። መንገደኛው ሁሉ ያያቸዋል። ልጅቷ ዘወር ብላ አላየችም።

መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በእነዚያ ሳምንታት ባሏ መጥቶ ሄዷል። ሽንቷን ሰጠችኝ፣ ወረቀቷን ነክሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አምስት ደቂቃ። ልጅቷ ወረቀቷን ታያለች፣ እኔ ሰዓቱን፣ እትዬ ግድግዳውን። አንድ መስመር ወጣ። ሁለተኛው ይወጣ እንደሆን ተጠባበቅን፤ አልወጣም። አላረገዘችም ብዬ ስናገር ልጅቷ ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀችው፣ እትዬም ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ክንዷን ጠርጌ መርፌውን ወጋኋት። ካርዷን አውጥቼ አዲሱን ቀጠሮ ጻፍኩበት። ያኔ እትዬ፣ ከልማድ የተነሳ ይመስለኛል፣ ለዓመታት ለሴቱ ሁሉ የጠየቁትን ጠየቁ፤ የሚመለሰው መቼ ነው አሉ። አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ሲስተር፣ ለእሳቸው አትንገሪ።»

የምገባበት ጠፋኝ። እናቷን ለሚያህሉ ሰው እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ግን አልተቆጡም፣ ፊታቸውም አልተለወጠም።

«ልክ ናት» አሉና ተነስተው ወጡ፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

ቀኑን ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ በመጨረሻው ጊዜ ዓይኗን ጨፍና። ካርዱን ወደ ካርቶኑ ስመልስ አልከለከለችኝም። ከዚያ ሳልጠይቃት ማውራት ጀመረች። እትዬ የነገሯት ያን ጧት ነው፤ ቁጭ ብለው፣ ሳይሸፋፍኑ፣ ስንት ክር በስንተኛው ሳምንት እንደጨመሩ ሳይቀር። እሷም ሐኪሙ ያለውን ነገረቻቸው። ልጃቸው ሁሉን ሰምቶ እንደደበቃቸው ሲያውቁ አለቀሱ።

«ማልቀሳቸው አሳዘነኝ» አለችኝ። «እወዳቸዋለሁ እኮ። ግን አላምናቸውም፣ ገና።»

ክንዷ ላይ ያለውን ጥጥ ጫን አድርጋ እንደያዘች ትንሽ አሰበች። ነገሩን ለሌሎቹ ሴቶች እንደማታወራ ነገረችኝ፤ ክሩ ለእነሱ ደህና ነው፣ ከዚያ በቀር ደግሞ ምንም የላቸውም አለች። እኔም ክሩን ራስሽ ስፊው ብዬ ስመክራት የማን ቤት እንደምትኖር አለማሰቤን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ለኔ ያላትን ቁጣ ደብቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ራሷን ነቀነቀች።

ተከትያት ወጣሁ። እትዬ አግዳሚው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ፊታቸው ቆመች።

«እንሂድ እማማ» አለቻቸው።

እትዬ ተነሱ። አንድም ነገር ሳይጠይቁ አብረዋት ሄዱ።